የገዛነውን ዕቃ ማን ይክተተው?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ሥራዬ ዋጋ መመዝገብ፣ ሒሳብ መቀበልና ደረሰኝ ቆርጦ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃው ከባንኮኒው ተነሥቶ ፌስታል ወይም ዘንቢል ውስጥ እስኪገባ ያለው ጊዜ የእኔ ሥራ አይባልም፤ ነገር ግን ሁሉም የሚሆነው ከዓይኔ ሥር ነው። ሰው ከሰው የሚቀያየመውም ሆነ የሚመራረቀው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

በቅርቡ አንድ ምሽት፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ዕቃ የሚከትልን ልጅ መጋዘን ወርዶ ነበር። ተራው የደረሰው ሰው ሒሳቡን ከፈለ፣ ደረሰኙን ተቀበለ፣ ከዚያም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ዱቄቱ፣ ፓስታው፣ ሳሙናው ባንኮኒው ላይ ተቆልሎ የሚቀጥለው ሰው ዕቃውን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ከኋላው የነበረች ሴት «ወንድሜ፣ ልጁ እስኪመጣ አንተው ብትጀምረውስ?» አለችው። በትሕትና ነው ያለችው። እርሱ ግን ዘወር ብሎ «ገንዘቤን ከፍዬ ደግሞ ዕቃ ልክተት?» አላት።

ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተክል፣ ሠርግ ቤት ወንበር ሲሸከምና ለእንግዳ እጅ ሲያስታጥብ አይቼዋለሁ። ለጎረቤቱ እንዲህ ጎንበስ ብሎ የሚያገለግል ሰው የራሱን ፓስታ ፌስታል ውስጥ መክተት ለምን እንዳሳፈረው ብዙ አሰብሁበት። መልሱ ሱፐርማርኬት ከሚባለው ነገር አዲስነት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ብዙ ሰው እዚህ ሲገባ የክብር ቦታ እንደገባ ይሰማዋል። መስታወት በር አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ አለ። ስለዚህ ዘመናዊ ገዢ ማለት እጁን አጣምሮ የሚጠብቅ ሰው ይመስለዋል።

ገበያችን ግን እንዲህ አላስተማረንም። እናቴ ቅዳሜ ገበያ እህልና ሽንኩርት ስትሸጥ ከጎኗ ተቀምጬ አድጌአለሁ። ሻጭዋ ሰፍራ ስትገለብጥ የስልቻውን ወይም የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ የሚይዘው ገዢው ነበር። ወይዘሮም ሆነች አሽከር የላከ ባለጸጋ፣ ከገዢው ወገን የሆነ ሰው አፉን ይዞ ይቆማል። ሻጭዋ ትሰፍራለች፣ ገዢው ይይዛል፣ ሁለቱም እህሉ እንዳይፈስ ይጠነቀቃሉ። ከመስፈሪያው የተረፈችው ምራቂ ስትጨመር ደግሞ ይመራረቃሉ። ያ ገዢ ክብሩ አልቀነሰም። እኔ ዛሬ በባንኮኒ ላይ እንዲመለስ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲከት ሌላው አፉን ይያዝ። የሚከተው ልጅ ከሌለ ደግሞ ገዢው ራሱ ይጀምር።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር ላስረዳ። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሱፐርማርኬት የአንድ እሽግ የሪግሊ ማስቲካ ባርኮድ ተነበበ፤ ባርኮድ ያለው ዕቃ በባንኮኒ ላይ ተነቦ ሲሸጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ተቀባይዋ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ በቁልፍ እየነካካች የምታስገባበት ጊዜ እየቀረ መጣ። በእኛም ሱቅ ባርኮድ የሌላቸው በሶና ሽሮ፣ እንዲሁም በኪሎ የሚመዘኑት ሲቀሩ፣ አብዛኛውን ዕቃ በአንድ ትንፋሽ አሳልፈዋለሁ። መክተት ግን ከድሮው አልፈጠነም። ዱቄት ዛሬም ዱቄት ነው፤ በሁለት እጅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ወረፋው የሚቆመው እኔ ጋ አይደለም፤ ከእኔ በስተግራ ባለችው ክንድ በምታህል ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ ሰው እጁን ካጣመረ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።

ክፍያው ሌላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ መተግበሪያ ሲጨመርበት፣ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ እየቀነሰ ሄዷል። ኔትወርክ ሲዘገይ ደንበኛው ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ መልእክቱ እስኪደርስ ይጠብቃል። እኔም አብሬው እጠብቃለሁ። በዚያች የመጠበቂያ ጊዜ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሁለት ሦስት ዕቃ የሚከት ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። መልእክቱ ሲደርስ ግማሹ ተከቶ ይጠብቀዋል። ብርቱ ገዢ ከባድ ከባዱን አስቀድሞ ባንኮኒው ላይ ያወጣል፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር መጀመሪያ፣ ዳቦና እንቁላል መጨረሻ። እኔ የማሳልፈው እርሱ ባወጣው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ዕቃው ሲከተትም ከባዱ ከታች፣ ስስ የሆነው ከላይ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉ ደንበኞች ጥቂት ናቸው፤ ሲመጡ ግን ልጁም እኔም ሥራችን ይቀላል።

ወንድሜ ጀርመን ነው የሚኖረው። እዚያ አልዲን በመሳሰሉ ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ገንዘብ ተቀባዩ ዕቃውን በፍጥነት ያሳልፋል፣ የሚከትልህ ሰው የለም፣ ገዢው ዕቃውን መልሶ ጋሪው ውስጥ ይጥልና ከፍሎ ከወጣ በኋላ በግድግዳው ዳር ባለች መደርደሪያ ላይ ነው ተረጋግቶ የሚከተው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ቀጫጭን የመያዣ ፌስታሎች በባንኮኒ ላይ እንዳይሰጡ በሕግ ስለተከለከሉ ሰው የጨርቅ ከረጢቱን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። ወንድሜ ለጥምቀት መጥቶ እኛ ሱቅ በገባ ጊዜ ታዲያ የለመደውን አደረገ። ዕቃውን ከባንኮኒው ላይ እየነጠቀ በራሱ ከረጢት ከተተና ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ልጁ «እህቴ፣ ወንድምሽ ምን አድርጌው ነው የተቆጣኝ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሜ አልተቆጣም። ሰው ማስቸገር አልፈለገም፤ በኖረበት አገር ጨዋነት ይህ ነው። ግን ለልጁ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ቀምቶ የሄደ ሰው ሆነ። ዕቃ የሚከቱት ልጆች ደመወዛቸው አነስተኛ ነው፤ የማታ ትምህርት የሚማር አለ፣ ለቤተሰቡ ገጠር የሚልክ አለ፤ ወርሐቸውን የሚሞላላቸው ከደንበኛ የሚያገኟት ጉርሻ ናት። በበዓል ሰሞን ከውጭ የመጣው ሰው ሁሉ ራሱ ከትቶ ከወጣ እነዚህ ልጆች በተስፋ የጠበቁት በዓል ባዶ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ለወንድሜ በማታው ነገርሁት፤ በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ከረጢቱን ለልጁ ሰጠው፣ አፉን ራሱ ይዞለት ሁለቱ እየተጨዋወቱ ከተቱ። ልጁ ስለ ጀርመን ብርድ ጠየቀው፣ እርሱም ስለ ትምህርቱ ጠየቀው። እኔ የምለው ይህን ነው።

ጉርሻን ካነሣሁ አይቀር፣ አሰጣጡም ሥርዓት አለው። ባንኮኒ ላይ ወርውሮ መሄድ፣ ወይም በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ማቀበል ልብ ያቆስላል። እኛ አገር ለታላቅም ለታናሽም ሲሰጥ በቀኝ እጅ ነው፤ ግራው የቀኙን ክንድ ደገፍ ያደርጋል፤ ተቀባዩም ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። አምስት ብርም ብትሆን እንዲህ ስትሰጥ ሰው ሰው ትሸታለች። የማይሰጥ ሰው ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ይበል፤ ይህም ጉርሻ ነው። ምንም ሳይል ፌስታሉን ነጥቆ የሚሄደው ነው የሚያሳዝነኝ።

አሁን ስለ አከታተቱ ልጻፍ፤ ምክንያቱም አንዲት እናት አስተምረውኛል። በየሳምንቱ ከቀሃ በኩል በእግራቸው ይመጣሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ዘንቢላቸው ግን ሁልጊዜ የታጠበ ነው። ልጁ ሊከትላቸው ሲል «ቆይ ልጄ፣ አንተ አቀብለኝ፣ እኔ ላስተኛው» ይሉታል። መጀመሪያ ስኳርና ሩዝ ከታች፣ እንደ ወለል ደልደል አድርገው። ሳሙናውን ቀጥሎ አያስገቡም፤ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከያዟት ቁራጭ ጨርቅ ውስጥ ይጠቀልሉትና ለብቻው በዘንቢሉ አንድ ጎን ይሰኩታል። «ሽታው ቡናውን ይበላዋል» ነው የሚሉት። ጥሬ ቡናውን በሌላው ጎን፣ ሻማና ክብሪት መካከል፣ ዳቦ ካለ ከላይ። ከዚያ ዘንቢሉን በአንድ እጅ አንሥተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረጉ ክብደቱን ይፈትኑታል፤ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ አንዷን ዕቃ ያዛውራሉ። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ክብደቱ ያልተስተካከለ ዘንቢል ከፒያሳ ተነሥቶ ቀሃ እስኪደርስ ትከሻ ይሰብራል። እርሳቸው ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወረፋ ይቆማል፤ ግን ሲቆጣ የሰማሁት ሰው የለም። ሁሉም እጃቸውን ያያል። አንዳንድ ወጣት ሴቶች እርሳቸውን አይተው ሳሙናን ከምግብ ለይተው መክተት ጀምረዋል።

ከሳሙና ይልቅ የሚያሳስበኝ በረኪና ነው። ክዳኑ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም፤ ጠርሙሱ ከተጋደመ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ልብስ ያነጣል፣ ምግብ ላይ ከደረሰ ምግቡ ይጣላል። በረኪና ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በአንድ ፌስታል ሲከተት ካየሁ ደግሞ ሥራዬን አቁሜ እናገራለሁ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በባጃጅ ውስጥ፣ ልጅ ታቅፎ በሚሄድ ሰው እግር ሥር ቢፈሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። በረኪና ለብቻው፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። የአምስት ሊትር ዘይት መያዣ አለው፤ በእጅ ይያዝ፤ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ፌስታሉ መንገድ ላይ ይቀደዳል። የቀዘቀዘ ዶሮ እየሟሟ ስለሚያንጠባጥብ በጥሬው ከሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ይራቅ። ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከታሰረ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል፤ በወረቀቱ ይቆይ፣ አፉም ይከፈት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነው የጾምና የፍስክ ጉዳይ ነው። በሁዳዴ፣ በእነዚያ 55 ቀናት፣ የጾመኛ ዕቃ ቅቤና አይብ ካለበት ፌስታል ጋር አይገናኝም። ይህን ያላወቀ አዲስ ልጅ የቤተሰቡን ሽሮ ለትንንሽ ልጆች ከተገዛ ቅቤ ጋር አንድ ላይ ከትቶ ስንት እናት እንዳዘነች! ቅቤው ታሽጓል፣ አይፈስም ብሎ መከራከር አይገባም። የሴትየዋ ልብ ከተረበሸ ሽሮው ለእርሷ ተነክቷል። በሳምንቱም ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁ ነው። ሙስሊም ደንበኞቻችን ደግሞ የሥጋ ውጤት ካረፈበት ባንኮኒ ላይ ዕቃቸው ከመቀመጡ በፊት እንዲጠረግላቸው ይሻሉ። ሳይጠይቁን መጥረግ የእኛ ግዴታ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ ከጎኔ አለ። ራሱ የሚከት ደንበኛም ይህን ቢያስብ መልካም ነው። የራስህን ሞርታዴላ ስታነሣ ከጎንህ ያለው ሰው ዕቃ ላይ አታሳርፈው።

የሰው ዕቃ አለመንካት በአጠቃላይ ትልቅ ነገር ነው። ባንኮኒው ጠባብ ስለሆነ የአንዱ ከሌላው ይደባለቃል። እኔ ብዙ ጊዜ የዋጋ መጻፊያ ካርቶን በመካከል አቆማለሁ። ደንበኞችም አንድ ስንዝር ክፍተት ቢተዉ፣ ያለፈው ሰው ከትቶ ሳይጨርስ የእነርሱን ባይገፉበት፣ የሰው ሳሙና ከራሳቸው ጋር አይሄድም።

ስለ ገመና ደግሞ ልናገር፤ ስለዚህ ጉዳይ ሴቶች ሁልጊዜ በልባቸው ይዘውት ነው የሚወጡት። አንዲት ወጣት የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ ስትገዛ ከወረፋው መካከል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቆማለች። እኔ አሳልፌው ገና ሳልለቀው እጇ ደርሶ ይወስደዋል፤ በቦርሳዋ ውስጥ ያስገባዋል። አንዳንድ ጊዜ ልጁ ለመርዳት ብሎ ቀድሞ ያነሣዋል፤ ከዚያም ፌስታል ሲፈልግ በእጁ አንጠልጥሎ ይዞራል። ልጅቷ ትቀላለች። ይህ ዕቃ ማንንም ሊያሳፍር የማይገባ የሰውነት ነገር ነው፤ ይህን ደጋግሜ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን እርሷ እስክታምንበት ድረስ ምርጫው የእርሷ ነው። ስለዚህ ሕጋችን እንዲህ ሆኗል፤ ዕቃ ከመንካቱ በፊት «ልክተትልሽ?» ወይም «ልክተትልዎ?» ብሎ ይጠይቃል። አይ ካሉት ወደኋላ ይላል፤ ቅር አይለውም። ሰው ራሱ ልክተት ሲል ኩራት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የራሱ ምክንያት አለው። መድኃኒት ይሆናል፣ የሕፃን ነገር ይሆናል፣ ለልደት የተደበቀ ስጦታ ይሆናል። አንዳንዱም የምግብ ነገር ለዓይን አይጋለጥም ብሎ ያምናል፤ አያቶቻችን መሶብ ሲያዞሩ ሳይሸፍኑ አያወጡም ነበር። ጥቁር ፌስታል የሚፈልገው ሰው ብዛት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የጠየቀውን ይሰጠው፤ ለምን ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከኋላ የቆመ ሰው ቢረዳስ? ይህ የሚወደድ ነገር ነው፤ በተለይ ከፊቱ ያለው አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ ያዘለች እናት ስትሆን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ለዚህ ነው። ግን እዚህም መጠየቁ ይቅደም። «እማማ፣ ልያዝልዎ?» ወይም «አባባ፣ ይፈቅዱልኛል?» ካሉ በኋላ እጅ ይዘርጉ። ሳይጠይቁ የሽማግሌ ቦርሳ መክፈት ርዳታ ቢሆንም ድፍረት ነው። አንድ አባት ዕቃቸውን ሳይጠይቅ ለከተተላቸው ወጣት «ልጄ፣ እጄ ገና አልደረቀም» ሲሉት ሰምቻለሁ። ወጣቱ ደግ ነው፣ ግን ቃል አልቀደመም። አባትዬው ክብራቸው የተነካው በዕቃው አይደለም፤ አቅም እንደሌለው ሰው በመታየታቸው ነው።

ፌስታሉን በተመለከተ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ቀጭን ፌስታል ገና በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ተነሥቶ ነበር፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጠበቅ አድርጎ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እኛ ባንኮኒ ላይ ግን አንዱ ፌስታል ሲሰጠው አንድ ጨምሪልኝ፣ ሌላው ደርቢልኝ ይላል። ቀጭን ስለሆነ መደረብ ግድ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር በሁለት ፌስታል ይወጣል። ክረምት ሲገባ እነዚያው ፌስታሎች ከየቦዩ ታጥበው ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይወርዳሉ። የእንስሳት ሐኪሞች በታረዱ ከብቶች ሆድ ውስጥ ፌስታል ተጠቅልሎ እንደሚያገኙ የታወቀ ነው። የወረቀት ከረጢት ቢመጣም የእኛን የሐምሌ ዝናብ አይችልም፤ ከፒያሳ ታክሲ እስኪያዝ ድረስ ታችኛው ይበጣጠሳል። ለጎንደር የሚስማማት ዘንቢል ነው። ዘንቢል ዝናብ አይፈራም፣ ይታጠባል፣ ዓመታት ያገለግላል፣ ገበያም ይሸጣል። ሰው ዘንቢል ይዞ መስታወት በር መግባት የሚያሳፍረው ከሆነ የጨርቅ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ አጥፎ ይያዝ። እኔ ዘንቢል ይዞ የሚገባን ደንበኛ ሳይ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነው የምቀበለው።

ከዋዜማ ቀናት የበለጠ ፈተና የለም። የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ዋዜማ ወረፋው እስከ መደርደሪያዎቹ መካከል ይደርሳል፤ በተለይ ጥር 10 የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከመውረዳቸው በፊት ሁሉም ጨርሶ መውጣት ይፈልጋል። በዚያ ቀን አንድ ሰው ደረሰኙን ቆሞ መስመር በመስመር ሲመረምር ሌላው ከኋላው ይንቆራጠጣል። ደረሰኝ መመርመር መብት ነው፤ እኔም ስሕተት ልሠራ ስለምችል እንዲመረመር እፈልጋለሁ። ግን ዕቃህን ሰብስበህ ፈቀቅ ብለህ መርምረው፤ ስሕተት ካገኘህ ወረፋ ሳትይዝ ወደ እኔ ተመለስ፣ አስተካክልልሃለሁ።

ፈቀቅ የሚባልበት ቦታ ግን የለም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የደንበኛው አይደለም። ጃፓን ተምረው የተመለሱ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደንበኛችን እዚያ አገር ገዢው ከከፈለ በኋላ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ዳር ባለ ሰፊ ጠረጴዛ ይሄድና እንደ ልቡ እንደሚከት አጫውተውኛል። ወንድሜም የሚነግረኝ የጀርመኑ መደርደሪያ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ለሱፐርማርኬቱ ባለቤት ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር የሚሆን፣ አዛውንት ሳይጎነበሱ የሚከቱበት ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ዘንቢል ማሳረፊያ መደርደሪያ ያለው ጠረጴዛ ይሠራልን። ልጁም እዚያ ይቁም፤ ርዳታ የፈለገ ይጠራዋል፣ ያልፈለገ በራሱ ይከታል፣ ወረፋውም ይራመዳል። ባለቤቱ አልጠላውም፤ አናጺ አምጥቶ አስለክቷል። እኔ የጠየቅሁት ከበሩ በስተግራ እንዲሆን ነው፤ በስተቀኝ ያለው ቦታ የዳሸን ቢራ ባዶ ጠርሙስ ሳጥኖች የሚደረደሩበት ስለሆነ መተላለፊያውን ያጣብበዋል።